ገጹ ላይ የሌለች

«ስልኩ እምቢ አለኝ። ሲደወል ይሠራል፤ ትናንት ማታ ልከፍተው ብል ‹አይፈቀድም› ይላል። ምን ሆኖ ይሆን?» አለች እቴቴ፣ ሻዩን ወንድሟ ፊት አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች።

«ኋላ አየዋለሁ።»

በዚያ ቤት ኋላ የተባለ ነገር መጥቶ አያውቅም። የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ኋላ ነው፤ የተቃጠለው የኮሪደር አምፖል ኋላ ነው፤ የእቴቴ ሻንጣም ‹ኋላ ቁም ሳጥን ይገዛል› እንደተባለ ከወንድሟ ልጅ ከሚጣ አልጋ ሥር እንደተወሸቀ ነው። ለወንድሟ ሚስት ቀብር መጥታ፣ ‹ልጅቷ ትንሽ እስክትረጋጋ› ብላ በዚያው የቀረች ታላቅ እህት ናት። ሚጣ ያን ጊዜ አፏን በቅጡ ያልፈታች፣ አባቷ በሚሠራበት ትምህርት ቤት የሕፃናት ማቆያ ገና የገባች ሕፃን ነበረች፤ ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ገብታ ለትልቅ ሰው መልስ ትመልሳለች። እቴቴ ግን እስካሁን ልብሷን የምታወጣው ከሻንጣ ነው። ወንድሟ በዚያ ሻንጣ አጠገብ ስንት ጊዜ አልፏል! ሰው መቼም የለመደውን ነገር አያየውም።

«ሰውነቷ ሞቅ ብሎኛል» አለች ደግሞ እቴቴ፣ የሚጣን ግንባር በእጇ ጀርባ ዳብሳ። «ዛሬ ብትቀርስ?»

«ትምህርት እንዲህ በትንሽ በትልቁ አይቀርም። ትሂድ» አለና ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። ሁለቱ እህትና ወንድም ከዚህ በላይ የማያወሩት ተጣልተው አይደለም። ሟቿ በመካከላቸው ስላለች፣ የመደርደሪያው ፎቶም ከምግብ ጠረጴዛው ፊት ለፊት ስለሆነ፣ አንዱ ቃል ሌላውን እንዳይጎትት ሁለቱም ይጠነቀቃሉ። እንዲያው ሆድ ይፍጀው ብለው የሚኖሩ ቤተሰቦች ናቸው።

በዚያ ጠዋት ደግሞ የልጅ ግንባር የሚዳብስበት ልብ አልነበረውም። ሰውየው ብዙ ቅርንጫፍ ባለው የግል ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። መምህራኑ ‹ቁልፉ› ይሉታል፤ የትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ለማን ምን እንደሚያሳይ የሚወስነው የእሱ እጅ ነዋ! መምህር የክፍሉን ውጤት ያያል፣ ገንዘብ ያዥ ክፍያውን ያያል፣ ወላጅ የገዛ ልጁን ብቻ ያያል፤ ሁሉም በድርሻው። በቅርቡ ግን አንዱ ሾፌር በማይገባው ገጽ ገብቶ የሰው ልጅ ውጤት አየና ሰፈር ለሰፈር አዞረው። ወላጆች አገር ይያዝልን አሉ። ምክትል ርዕሰ መምህርቷ ቁልፉን ጠርተው፣ «መርፌ እንዳያሾልክ አድርገህ አጥብቀው» አሉት። አጠበቀዋ! ከዛሬ ጀምሮ የግቢው በር እንኳ ለገጹ የሚታዘዝ ሆነ። ጥበቃው ታብሌት ይይዛል፤ ልጅ የሚወስድ ሰው ፎቶው በልጁ ገጽ ላይ ከሌለ አይገባም። በገጹ ላይ ያሉት ደግሞ ሁለት ድርሻዎች ብቻ ናቸው፤ እናትና አባት። ‹ሌላ› የሚል ልጨምር ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። «ሌላ ካልክማ የዓለም ሕዝብ ሁሉ ሌላ ነው» አሉት ምክትሏ። ሳቀና ተወው።

እንቅልፍ የነሳው ግን ይህ አይደለም። ትናንት ከሰዓት ምክትሏ አጠገቡ ተቀምጠው፣ ባለቤት የሌላቸውን አካውንቶች አንድ በአንድ እያዩ ሲዘጉ የሚስቱ ስም መጣ። ከቀበራት ዓመታት አልፈዋል። አካውንቷን ሳይዘጋ የተወው ረስቶ አይደለም፤ እጁ እምቢ ብሎት ነው። በሚጣ ገጽ ላይ፣ ‹እናት› ከሚለው ቃል ጎን፣ ስሟና ፎቶዋ እንዲቆይለት ፈልጎ ነው። እና ከስሟ ሥር ለመጨረሻ ጊዜ የገባችበት ቀን ተጽፎ አየ። የቀደመው ቀን ማታ ይላል። ወደታች ቢወርድ፣ ከዚያ በፊት ባለውም ማታ፣ ከዚያ በፊት ባለውም ማታ ገብታለች።

«እኚህ ባለቤትህ አይደሉም እንዴ?» አሉ ምክትሏ መነጽራቸውን አስተካክለው።

«ናት።»

«ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ታዲያ ማነው በስማቸው የሚገባው?»

ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። የቤት ሐዘንን የቢሮ ሰው ሲያየው አደባባይ ላይ ራቁትን እንደመቆም ነው። ሳያጣራ፣ ሳይጠይቅ፣ አንዴ ተጫነና ዘጋው። «ነገ ሌባውን አወጣዋለሁ» አለ። ሌባው አለ እንግዲህ! ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አደረ። የሚስቱን ወንድም ጠረጠረ፤ በውርስ ነገር አኩርፎት ነበርና። የቀድሞ የቢሮ ባልደረባዋን ጠረጠረ። የሞተችን ሴት ስም ለብሶ የልጁን ገጽ የሚጎበኝ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው እያለ ሲያርር፣ ከግድግዳው ወዲያ እቴቴ ሚጣን ውሃ ስታጠጣት ይሰማው ነበር፤ አልተነሣም።

ቀን ላይ ከቦርዱ የመጡ ሁለት ሰዎች ባሉበት፣ በስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ አዲሱን አሠራር አብርቶ እያሳየ ሳለ የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ። የራሱ ስልክ ድምፁ ጠፍቶ ቦርሳው ውስጥ ነው። የደወለው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ የትንንሾቹ ልጆች ግቢ ጥበቃ ነበር። ቁልፉ ኩራት ቢጤ ተሰማውና፣ እንግዶቹ ይስሙልኝ ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ጌታዬ፣ አንዲት ሴት በር ላይ መጥተዋል። ልጅ ታማ ተደውሎላቸው ነው። ታብሌቱ ላይ ግን የሉም።»

«ገጹ ላይ ከሌሉ አይገቡም።»

«እኔ እኮ አውቃቸዋለሁ። በየቀኑ ልጅቷን የሚወስዷት እሳቸው ናቸው። እኔ ነኝ ያሳደግኋት ነው የሚሉት። የልጅቷ ስም ደግሞ…»

«ስም አያስፈልግም። እኔ ነኝ ያሳደግኋት የማይል ማን አለ?» አለ ቁልፉ። በጠረጴዛው ዙሪያ ሳቅ ሆነ፤ ሳቁም ልቡን ሞቅ አደረገለት። «ወንድሜ፣ ዛሬ ለምታውቀው ከከፈትክ ነገ ለማታውቀው ትከፍታለህ። ወላጅ ይምጣ።»

ጥበቃው ተነፈሰ። ከኋላው መኪና ይንጫጫል። በዚያ ጫጫታ መካከል የሴት ድምፅ፣ «ተወው ወንድሜ፣ ሥራው ነው። አታጨቃጭቀው» ሲል ተሰማና መስመሩ ተቋረጠ።

«ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ» አሉ ምክትሏ። ቁልፉ ወደ ግድግዳው ዞረ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የራሱን ቤት ለቅሶ በገዛ ጆሮው ሰምቶ፣ የሰው ነው ብሎ ማብራሪያውን ቀጠለ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ወደ ጠባቧ ክፍሉ ገባ። መስኮት የሌላት፣ ማሽኖች ሲያጉረመርሙ የሚውሉባት፣ ክረምት ከበጋ ሹራብ የሚለበስባት ክፍል ናት። አሁን ሌባውን ላውጣ ብሎ የሟቿን አካውንት ዱካ ከፈተ። መጀመሪያ ያየው የገባችበትን የኢንተርኔት መስመር ነው። ቁጥሩን ያውቀዋል። ደግሞ አየው። የገዛ ቤቱ ዋይፋይ ነው።

ወደ መልእክቶቹ ወረደ። የክፍሏ መምህርት ዘንድሮ የተቀጠረች ወጣት ናት፤ በየቀኑ ስለ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ሁለት መስመር ትጽፋለች፤ ወላጅ ‹አንብቤያለሁ› የምትለዋን ይጫናል፣ የሚለው ካለም ይመልሳል። ‹ዛሬ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበች› ትላለች መምህርቷ። ‹እሰይ የኔ እመቤት! ማታ ለእኔም አንብባልኛለች› ይላል መልሱ። ‹እርሳስ የላትም።› ‹ነገ ይላካል፣ ይቅርታ።› ‹ዛሬ እናታችሁን ሣሉ ብያቸው አለቀሰች፤ ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም።› ለዚህኛው መልሱ ዘግይቶ፣ ሌሊት ላይ ነው የተጻፈው። ‹ሆድ ብሷት ነው። አብረን ሥለናል፣ ነገ ታመጣለች።›

‹የኔ እመቤት› የሚለውን ማን እንደሚል ልንገራችሁ? ወተት ለምታመጣዋም፣ ለጎረቤቷም፣ በመንገድ ለምትገፋትም ሴት ‹የኔ እመቤት› የምትል አንዲት ሴት ብቻ ናት በዚያ ቤት። ነገሩ ያን ጊዜ ሁሉ ተገለጠለት። የእቴቴ ስልክ ወድቆ ሲሰበር፣ የሚስቱን ስልክ ከመሳቢያ አውጥቶ፣ «ያንቺ እስኪሠራ በዚህ ተጠቀሚ» ብሎ የሰጣት ራሱ ነው። የእሷ ‹ኋላ ይሠራል› ተብሎ ቀረ። በሟቿ ስልክ ላይ ደግሞ የሚጣ ገጽ ክፍት ነበር። ክፍት በር አገኘች፣ ገባች። ለአክስት የሚሆን ሌላ በር ማን ሠራላትና!

ወደ ራሱ ገጽ ዞረ፤ ‹አባት› ወደሚለው። እነዚያው የመምህርቷ መልእክቶች እሱም ዘንድ ተደርድረዋል፤ አንዱም አልተነበበም። ከሁሉ በላይ የዛሬው አለ፤ እሱ አዳራሽ ውስጥ ሲያስቅ የተላከ። ‹ልጅቷ ትኩሳት አላት። ለእናቷ ደውዬ መጥተው ነበር፤ በር ላይ ገጹ ላይ የሉም ብለው መለሷቸው። እባክዎ ይድረሱልን።›

ለሕዝቡ ልጅ በር ሲያበጅ የከረመ ሰው፣ የራሱን ልጅ ከትምህርት ቤት ማን እንደሚያመጣት አንድ ቀን አስቦ አያውቅም ነበር። ማታ ሲገባ ልጅቷ ቤት ናት፤ ታጥባለች፣ በልታለች፣ ደብተሯ ተዘርግቷል። በቃ፣ ልጅ ቤት ይገባል፤ እንዴት እንደሚገባ ጠይቆ አያውቅም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለችው ሴት ከእሱ ትሻላለች። የስልኩን ድምፅ መልሶ፣ ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ።

ታክሲው ውስጥ፣ መንገዱ ተጨናንቆ መኪናው ሲጎተት፣ አንድ የድሮ ነገር ትዝ አለው። አራተኛ ክፍል እያለ በኳስ መስታወት ሰብሮ ‹ወላጅ አምጣ› ተባለ። አባታቸው ለሥራ ሩቅ አገር ነው፤ እናታቸው ታማ አልጋ ላይ ናት። እቴቴ ራሷ ገና ተማሪ ነበረች። ዩኒፎርሟን አውልቃ የእናታቸውን ቀሚስ ለበሰች፤ የእናታቸውን ጫማ ደግሞ ሰፍቷት ጫፉ ላይ ጨርቅ ወትፋ አደረገችና እጁን ይዛ ሄደች። ዩኒት ሊደሩ ከራስ ጠጉሯ እስከ ጫማዋ አዩዋት። ጫማው ላይ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ወንበር ስበው፣ «ይቀመጡ እሜቴ» አሏት። ይህን ታሪክ በሠርጉ ቀን እንኳ አውርቶ ሰው አስቆበታል። አሁን ግን አንጀቱን በላው።

ከትንንሾቹ ግቢ ሰማያዊ የብረት በር ፊት ለፊት፣ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ፀሐዩ ፊቷን አቅልቶታል። አጠገቧ ፌስታል ውስጥ የሚጣ ሹራብ አለ። አልሄደችም። የትኩሳት ሽሮፑን በጥበቃው እጅ ለመምህርቷ ልካ፣ የነከረችውን ፎጣም በብረቱ መካከል አቀብላ፣ እዚያው ተቀምጣለች። ጥበቃው ታብሌቱን አይቶ፣ «አባት። ይግቡ ጌታዬ» አለ፤ ከዚያ የሰውየውን ድምፅ ሲሰማ ግንባሩን ቋጠረ። «እንዴ! ቅድም በስልክ…» ብሎ እቴቴን አየ።

ቁልፉ አልገባም። ሄዶ እህቱ ፊት ቁጢጥ አለ።

«ድምፄን ለየሽው?»

«ከጥበቃው ስልክ ወጥቶ ይሰማ ነበር፤ ያሳደግሁትን ድምፅ እንዴት አልለይ?»

«ታዲያ እኔ ነኝ አትይም?»

«ማን ናት ብለህ እስክትጠይቅ ጠበቅሁ» አለች።

አልጠየቀማ። እንባው መጣ፤ መንገድ ላይ መሆኑን፣ ጥበቃው የሚያየው መሆኑን ረሳ። «ይቅር በይኝ እቴቴ» አለ። እሷ መንገዱን ነበር የምታየው።

«ሰው ስልክ ሰረቀች፣ የሟች ስም ቀማች እንዳይለኝ እፈራ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ግን ልጅቷ ምን እንደዋለች ማወቅ ነበረብኝ። አስተማሪዋ ‹እናቷ› ትለኛለች። ልነግራት እልና ሚጣ ጭኔ ላይ ናት፤ ማንበብ ተምራለች፤ በፊቷ እናቷ ሞታለች ብዬ ልጻፍ? ዛሬ እዚህ ቁጭ ብዬ፣ ሻንጣዬን ይዤ ልሂድ አልኩ። እውነቴን ነው። ከዚያ ደግሞ ነገ ልጅቷን ማን ያመጣታል አልኩ።»

«ነይ፣ አብረን እንግባ።»

ጥበቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ እርስዎ ይግቡ። እሳቸው ግን… እኔም የልጆች አባት ነኝ። ያዘዙት ራስዎ ነዎት።»

እውነቱን ነው፤ ያዘዘው ራሱ ነው። ቁልፉ ከእህቱ ጎን፣ አቧራው ላይ ተቀመጠና ላፕቶፑን ከፈተ። የስልኩን ኢንተርኔት አገናኘ። «እናት በሚለው ላይ ላስገባሽ? ለጊዜው?»

«ተው!» አለች፤ በዚያ ቀን ድምጿን ከፍ ያደረገችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «እናትማ አላት። የእሷን ቦታ ለእኔ አትስጠኝ።»

ስለዚህ የሚስቱን ስምና ፎቶ ወደ ቦታቸው መለሰ፤ እንዲታዩ ብቻ፣ ማንም እንዳይገባባቸው አድርጎ። ከሥራቸው አዲስ ድርሻ ከፈተና ‹አሳዳጊ› ብሎ ጻፈ። በሙሉ ስሟ ጻፋት፤ የአባቷ ስም የራሱ የአባቱ ስም ነው። ምን ማየት ይፈቀድላታል ለሚለው ሁሉንም ፈቀደ። ገጹ ፎቶ ጠየቀ።

«እንዲህ ሆኜ?» አለች እቴቴ፤ ላቧን ጠርጋ፣ ጸጉሯን በሁለት እጇ ወደኋላ ሰበሰበች። ጥበቃው ሳይታዘዝ መጥቶ ፀሐዩን በኮፍያው ከለለላት። ቁልፉ አነሣት።

ወዲያው ስልኩ ጠራ። አዲስ ድርሻ ሲከፈት ምክትሏ ዘንድ የሚደርስ መልእክት አለ፤ እሱንም የሠራው እሱ ነው። «ማን ፈቀደልህ?» አሉ ያለ ሰላምታ።

«ማንም። ነገ ጠዋት ቢሮዎ መጥቼ የሚሆነውን እሆናለሁ።»

«የትናንቱስ ሌባ?»

«ሌባ አልነበረም» አለ። «እህቴ ናት።» ምክትሏ የሚሉትን እስኪያገኙ አልጠበቀም፤ ዘጋው።

ጥበቃው ታብሌቱን ተመለከተ። ዓመት ሙሉ በየቀኑ ‹እንደምን ዋሉ› የተባባላትን ሴት ከፎቶው ጋር አስተያየ፤ ደንብ ነዋ። «አሳዳጊ» ብሎ አነበበ። በሩን ሁለቱንም ክፍል ከፈተው፤ ለመኪና እንጂ ለእግረኛ እንዲያ አይከፈትም። «ይግቡ እትዬ።»

የሕሙማን ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ አጭር አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የጥርስ አፋፋቅ የሚያሳይ ሥዕል። መምህርቷ ከወንበሩ ተነሣች። «እናቷ፣ መጡልኝ! አሁን በረድ ብሎላታል።» እቴቴ እጇን ይዛ፣ «ማታ እጽፍልሻለሁ የኔ እመቤት፤ የምነግርሽ ነገር አለ» አለቻትና አልጋው ላይ ጎንበስ አለች። ሚጣ ዓይኗን ገለጠች። ከንፈሯ ደርቋል።

«ለምን ቆየሽ? መጥታለች ካሉኝ በኋላ ጠበቅሁሽ፣ ጠበቅሁሽ።»

«መንገዱ ተዘግቶብኝ ነው እናቴ።»

ይህን ስትል ወደ ወንድሟ አልዞረችም። በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ዝም ቢል ነገሩ በዚያው ያልፋል። ለእሱ ብላ የዋሸችው ውሸት ነው፤ ስንት ዓመት እንደዚህ እየሸፈነችው እንደኖረች ማን ያውቃል።

«እኔ ነኝ የዘጋሁባት» አለ።

ሚጣ አባቷን አየችው። በቀን፣ ትምህርት ቤቷ ውስጥ አይታው አታውቅም፤ ከነገሩ ይልቅ ይኸው ነው የገረማት። «አንተ?»

«እኔ።»

እቴቴ ሹራቡን አለበሰቻት፤ አቅፋ አነሣቻት። ልጅቷ ክንዷን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ፊቷን ቀበረች። በሩ ላይ ሲደርሱ እቴቴ ቆም አለች፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሟን ዓይኑን አየችው።

«በል፣ ቦርሳዋን ያዝ» አለችው።

ቦርሳው የት እንዳለ አላወቀም ነበር። መምህርቷ አሳየችው።